ምን አላት

እሁድ ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ መጣች። አቦሉን ጨርሳ ቶናው እስኪፈላ ሶፋው ላይ የተቀመጠውን ዳንቴሌን አነሳች፣ ፈንዲሻ በዘገነችበት እጇ (እሱን ለጊዜው እንለፈው) አገላብጣ አየችው፣ በስንዝር ለካችውና "ለኔም ለፍሪጄ አንዷን ጣል ታደርጊልኛለሽ፣ ላንቺ እኮ ምን አላት" አለችኝ።

ምን አላት! ያቺ አንድ ስንዝር ከሁለት ጣት የማትሞላ ነገር የሦስት ሳምንት ማታ ናት፣ ያውም ሁለቴ ከነሥሯ ተተርትራ። ላስረዳት ስል ቶናው ደረሰ፣ ወሬው ወደ ውሃ መጥፋት ዞረ፣ እኔም ዋጥኩት። እዚህ ልትፋው ነው እንግዲህ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ የሌላ ሰው ድካም ሲሆን አማርኛችን ራሱ ያሳንሰዋል። ሠዓሊውን "እስኪ ሞንጨር አርገኝ"፣ ኮምፒውተር የሚያውቀውን ልጅ "ይቺን ስልክ ነካ ነካ አርግልኝ"፣ እኔን ደግሞ "ጣል አርጊልኝ"። የራሳችን ሲሆን ግን "ወገቤ ተቆረጠ" ነው።

ዳንቴል እንደ አዲስ የጀመርኩት አምና ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ። ክር ልገዛ መርካቶ ስሄድ ሻጩ ስንት ቁጥር ልስጥሽ አለኝ፣ 10 አለ 20 አለ 40 አለ 80 አለ፣ እኔ ደግሞ ጀማሪ ስለሆንኩ ወፍራም ይሁንልኝ ብዬ 80 አልኩ፣ የዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር እንደሚቀጥን ማን ነግሮኝ! ሰውዬውም "ጎበዝ ነሽ ማለት ነው" ብሎ ሸጠልኝ። ኪሮሹ ደግሞ 0.6 ሚሊ ሜትር፣ ጫፉ መንጠቆ እንዳለው የማውቀው ሲወጋኝ ብቻ ነው። ምን አላት? ጥርስ አላት! ዳንቴል የሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ራሱ ጥርስ ከሚለው ነው የወጣው።

ዩቲዩብ ገባሁ። አሜሪካኖቹ ነጠላ የሚሉትን የኪሮሽ አሠራር እንግሊዞቹ ድርብ ይሉታል፣ ይሄንንም ማንም አልነገረኝም፣ አንዱን ዙር ከዛችኛዋ አንዱን ከዚችኛዋ እያየሁ የሠራሁት የአናናስ ቅርጽ መጨረሻው ጥቅል ጎመን ሆነ። አክስቴ ትሻላለች፣ እሷ ጋ ስም የሚባል ነገር የለም፣ "እንዲህ፣ ከዛ እንዲህ፣ አሁን እንዲህ" ነው፣ ያውም ከጃንጥላ ሽቦ በተሞረደ ኪሮሽ።

ከዛ ክር መሞከር ጀመርኩ፣ ነገር የተበላሸው እዚ ጋ ነው። የልብስ ስፌት ክር ሞከርኩ፣ ጣቴን ቆረጠኝ። ሳባ ሞከርኩ፣ ያብረቀርቃል ግን እንደ ዓሣ ያሟልጫል። ሽሮ ሜዳ ሄጄ ማግ ገዛሁ፣ ያገሬን ጥጥ በፈረንጅ መንጠቆ ብዬ ምን ያህል እንደኮራሁ! ስድስተኛው ዙር ላይ ተበጠሰ። ማግ እኮ ላልቶ ነው የሚፈተለው፣ ሸማው ላይ ድሩ ተወጥሮ ሲይዘው እሱ መሀል ለመሀል ተኝቶ ያልፋል፣ ብቻህን ተጎተት ቢባል የት ያውቃል፣ እኔም ብሆን እበጠሳለሁ። የሱቁ ክር ለምን እንደማይበጠስ ሳነብ ጆን መርሰር የሚባል እንግሊዛዊ በፈረንጆቹ 1844 ጥጥን ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ ነክሮ እንዳጠነከረው አገኘሁ፣ ማብለጭለጩ የመጣው ደግሞ በኋላ ሌላ ሰው ወጥሮ ሲነክረው ነው። ማጌን ይዤ ያው ኮስቲክ ሶዳ ያለበት የተደፈነ ቱቦ መክፈቻ ወደተቀመጠበት ሻወር ቤት ሳመራ ባለቤቴ "አንቺ ሴትዮ!" አለኝ፣ ተመለስኩ። በስኳር ውሃ ነክሬ ቀጥ ላደርገው ሞከርኩ፣ ቀጥ አለ፣ ጠዋት ጉንዳን ወሮት አገኘሁት።

እኔ ስተረትር እናቴ ትተርታለች፣ "ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል።" ይሄን ተረት ስወደው! ግን መነኩሴውን ማንም ቀርቦ አልጠየቀውም። ቆቡን ቀዶ የሚሰፋ ሰው ክር እየሞከረ ቢሆንስ? የመጀመሪያው ስፌት ጠማማ ሆኖበት እንቅልፍ ነስቶትስ እንደሆነ? እኛ ግን ስሙን አጥፍተን ለልጅ ልጅ አስተላለፍነው።

ስም ማጥፋት ካነሳን አይቀር፣ 6ኛ ክፍል የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ዳንቴሌን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩና "ይሄን እናትሽ ናቸው የሠሩት" ብለው ዜሮ አከናነቡኝ። እናቴ! ቁልፍ እንኳን ሰፈር ልብስ ሰፊ ጋ ወስዳ የምታስተክል ሴት! ታላቅ እህቷ የሠራችላት ልጅ ግን 95 አገኘች፣ አጠገቤ ነው የምትቀመጠው፣ አውቃለሁ። 25 ዓመት ኪሮሽ ያልነካሁት በዛ ነው። ቂም አይደለም። እሺ፣ ቂም ነው፣ ዳንቴል ይዤ ባገኛቸው ፊታቸው ቁጭ ብዬ ነበር የምሠራው።

ምን ላይ ነበርኩ? ፍሪጁ። ፍሪጅ ምን በድሎ ነው ዳንቴል የሚለብሰው? ድሮ የሚለብሰው ቴሌቪዥን ነበር፣ ያ ጀርባው እንደ በሬ ሻኛ የወጣው፣ ዳንቴሉ ፊቱ ላይ ወርዶ እንደ ሙሽራ ተከናንቦ ይውልና ዜና ሲደርስ አባቴ ይገልጡት ነበር። ቴሌቪዥን ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዳንቴል ተሰደደ፣ ፍሪጅ ላይ፣ ማይክሮዌቭ ላይ፣ አንድ ቤት ዋይፋይ ላይ አይቻለሁ።

ለማንኛውም ትናንት ጎረቤቴን ደረጃ ላይ አገኘኋት፣ ቆርጬ "አይመቸኝም" ልላት አፌን ስከፍት ከቦርሳዋ ክር አወጣች፣ የሹራብ ክር፣ ብርቱካናማ። "ከልጄ ሹራብ የተረፈ ነው፣ በክር እንዳትቸገሪ ብዬ" አለችኝ። እንዳትቸገሪ!

የፍሪጁን ልክ ላኪልኝ አልኳት። ማታ በቴሌግራም ፎቶ ላከች። ባለ ሁለት በር ነው።