ጥም እንዴት ይታያል?

ባለፈው ሰሞን አንድ ሙዚየም ጎራ ብዬ ነበር፤ ስሙን ልተወው። የዓድዋ ዘመን የጦር መሣሪያ ክፍል ገባሁ። ጠመንጃዎቹ በተርታ ተሰቅለዋል፣ ከሥራቸው ደግሞ ጣት የምታህል ወረቀት አለች፦ «ውጅግራ ጠመንጃ»። አለቀ። ማን ተሸከመው? ተገዝቶ ነው ወይስ ተማርኮ? ወረቀቷ ዝም።

የጦርነት ኤግዚቢሽን የሚበላሸው እዚህ ጋ ይመስለኛል። መጀመሪያ ያለው ዕቃ ይሰቀላል፣ ታሪኩ በኋላ ይፈለግለታል። ጠመንጃ ደግሞ አይጠፋም፤ ብረት ነው፣ ብል አይበላውም። ስለዚህ ጦርነቱ ሁሉ ጠመንጃ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

እስቲ መቀሌን እንውሰድ። ጥር 1888 የጣሊያን ጦር በማጆር ጋሊያኖ እየተመራ እንዳ ኢየሱስ በሚባለው ኮረብታ ላይ መሽጓል። የኛ ሰዎች ምሽጉን በጉልበት ለመስበር ሞክረው ብዙ ሰው አለቀባቸው። የውሃው ምንጭ ግን ከግንቡ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ ይያዝ አሉ፣ ተያዘ። ውስጥ ያለው ወታደር ውሃ በልክ ይታደለው ጀመር፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ምሽጉን ለቀቀ። ታዲያ ይህን በየትኛው ጠመንጃ ነው የምታሳየው?

እኔ ብሆን ከኮረብታው እጀምራለሁ። በጭቃም በጂብሰምም ይሠራ፣ ግንቡ ከላይ፣ ምንጩ ከታች፣ ጎብኚው ርቀቱን በዓይኑ ይለካ። ከጎኑ አንድ እንስራ። እንስራው ከመቀሌ የመጣ ነው ብሎ መዋሸት ግን ነውር ነው፤ «በዚያ ዘመን ውሃ የሚቀዳው በዚህ ዓይነት እንስራ ነበር» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የትኛው የዘመኑ ዕቃ እንደሆነ፣ የትኛው ለማሳያ እንደተሠራ ያልለየ ሙዚየም እውነተኛውንም ያስጠረጥራል።

(በነገራችን ላይ፣ እነዚህ ክፍሎች ጨለም የሚሉት ለድባብ ብቻ አይደለም። ደማቅ መብራት የካባውን ቀለም ይመጠዋል፣ ብራናውንም ይጎዳል። ጠመንጃው ግን ግድ የለውም፣ እሱን አብሩበት።)

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ። እዚያው ሙዚየም፣ ቀጣዩ ክፍል ውስጥ፣ ጥግ ላይ አንድ ትልቅ እንስራ ቆሟል። ወረቀቷ «የቤት ዕቃ» ትላለች። ከጠመንጃዎቹ እስከ እሱ ቆጠርኩት፣ አሥራ አራት እርምጃ ነው።