ማስተካከያ፦ የናቫሆዋ ሴት ሥዕል የዲዬጎ ሪቬራ አይደለም

ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው አንድ ጽሑፍ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ በባዶ እግሯ መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት ምስል አያይዞ «የሜክሲኮው ዲዬጎ ሪቬራ የዘይት ቀለም ሥዕል» ይላል። ሠዓሊውም የአሠራሩ ዓይነትም ተሳስቷል።

ሥራው የአር. ሲ. ጎርማን ነው። ጎርማን እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካ ውስጥ በአሪዞና ግዛት፣ ቺንሊ የተወለደ ናቫሆ ነው፤ ናቫሆ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው። በ2005 አርፏል። ሜክሲኮ ሲቲ ተምሯል፤ የሪቬራ ተጽዕኖም አለበት። መምታታቱ ከዚህ ሳይመጣ አልቀረም። ሴቷ ግን የገዛ ወገኑ ናት። የናቫሆን ሴቶች ዕድሜውን ሙሉ ለሣለ ሰው ስሙን መንፈግ ያሳዝናል።

የዘይት ቀለምም አይደለም፣ ሊቶግራፍ ነው። ሠዓሊው በተስተካከለ የኖራ ድንጋይ ላይ ቅባት ባለው እርሳስ ይስላል። ድንጋዩ ሲረጥብ ባዶው ቦታ ውሃ ይይዛል፣ ቀለሙ የሚጣበቀው ቅባቱ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀት ተጭኖበት ይታተማል፣ አንድ በአንድ። ከግርጌው በእርሳስ 45/150 ተብሎ ቢጻፍ፣ ከ150 ቅጂ 45ኛው ማለት ነው።

ምንጩ የሙዚየሞች የስብስብ መዝገብና የሠዓሊው የታተመ የሕይወት ታሪክ ነው።

ለመግዛት ያሰበ ሰው ካለ ልዩነቱ ኪስ ይነካል። «በዓለም አንድ ብቻ» ከተባለ አይመኑ። የጎርማን ሥራዎች በተራ ፖስተርነትም ታትመዋል፤ ስለዚህ የእርሳስ ፊርማውንና ቁጥሩን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ። ጽሑፉን ያጋራችሁም እባካችሁ የሠዓሊውን ስም አስተካክሉ።