ቀን የሚቆጥረው አንባቢ ምን በደለ?

«ቀን የሚቆጥር አንባቢ የታሪክ መጽሐፍ ይግዛ። ልብ ወለድ ስሜት ነው!» ብለውናል፣ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ሀዋሳ በተደረገው የመጽሐፍ ውይይት መድረኩን ይዘው የነበሩት ደራሲ። ስማቸውን አልጠራም። ሐሳቡ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩም ነበር፤ ዛሬ ታሪክ ቀመስ ልብ ወለድ የሚያሳትመው ሁሉ የሚመዘው ጋሻ ሆኗል። ጥያቄው ከአዳራሹ የቀረበው በትሕትና ነበር። በመጽሐፋቸው ውስጥ የካቲት 22 ቀን 1888፣ የዐድዋ ዋዜማ ሌሊት፣ ጦር ሰፈሩ መሀል ሠርግ ተደግሶ ሰንጋ ይታረዳል፣ ብርንዶ ይቆረጣል። አንዲት ልጅ ተነሥታ «ወቅቱ ጾም አልነበረም ወይ?» አለቻቸው። ያገኘችው መልስ ከላይ ያለው ነው። አዳራሹም አጨበጨበ።

አልበቃቸውም። «ክፍለ ሀገር ያለ አንባቢ እንዲህ ያለውን ነገር ልብ አይልም፤ እሱ የሚፈልገው ታሪኩ እንዲፈስለት ነው» ሲሉ አከሉበት። ሀዋሳ ተቀምጦ፣ ለሀዋሳ ሰው!

እንግዲያው ልብ የማይለው አንባቢ ምን እንደሚያይ እንነጋገር። ሰሞኑን በእጅ ከሚዞሩት ልብ ወለዶች አንዱ፣ ጣልያን በገባበት በ1928፣ ፍቅረኞቹን «ሀዋሳ ከተማ» ሐይቁ ዳር፣ ሆቴል ሰገነት ላይ አስቀምጦ ቡና ያጠጣቸዋል። ሀዋሳ እንደ ከተማ የተቆረቆረችው በ1952 ነው። ሆቴሉም ሰገነቱም ሃያ አራት ዓመት ይቀራቸዋል። ከተማ ካስፈለገ ያኔ ይርጋለም ነበረች። ይህን ለማወቅ ቤተ መዛግብት መግባት አያስፈልግም፤ በዕድሜ ከተማዋን የሚበልጡ ሽማግሌዎች ዛሬም ፒያሳ ማኪያቶ ይጠጣሉ። እዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ከሐይቁ «ጨው ጨው የሚል ነፋስ» ይመጣል። ሐይቃችን ጨዋማ አይደለም፤ ነፋሱ የመጣው ከሌላ አገር መጽሐፍ ነው። ሌላኛው መጽሐፍ የዛሬዎቹን ፍቅረኞች ጠዋት አሞራ ገደል ወስዶ ያሳስማቸዋል። ጥሩ። ግን በዚያ ሰዓት አሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ የሚላጥበት፣ አንጀቱ የሚወረወርበት፣ ልጅ የሚያካክሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉ ትልልቅ ወፎች ከሰው እግር ሥር ቆመው ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ነው። በሁለት ገጽ የመሳሳም ትዕይንት አንድም አባ ኮዳ የለም፣ አንድም የዓሣ ሽታ የለም። ሽታው ቢኖር ኖሮ እንዲያውም ፍቅሩ ይታመን ነበር፤ በዚያ ሽታ መሀል የሚሳሳም ሰው በእርግጥም የያዘው ነገር አለ።

ወደ ልጅቱ ጥያቄ ልመለስ፤ እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። ደራሲው «ስሜት» ከማለታቸው በፊት አሥር ደቂቃ ቢመድቡ መልሱ እጃቸው ላይ ነበር። ባሕረ ሐሳቡ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ማውጫ ቀመሩ፣ እነሆ። 1888 ላይ 5,500 ሲደመር 7,388 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 16 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት ወንበሩ 15። ወንበሩ በ19 ሲባዛ 285፤ በ30 በ30 ሲገደፍ 15 ይቀራል፣ ይህ መጥቅዑ ነው። መጥቅዕ ከ14 ሲበልጥ በመስከረም ይውላል፤ በዚያ ዓመት መስከረም 15 ረቡዕ ነበር፣ የረቡዕ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 4። አሥራ አምስትና አራት 19። ስለዚህ ጾመ ነነዌ የገባው ጥር 19 ነው። ከዚያ 14 ቀን ሲቆጠር ዐቢይ ጾም የካቲት 3 ሰኞ ገባ፤ ፋሲካም መጋቢት 28 ዋለ። የካቲት 23፣ ያ የጦርነቱ እሑድ፣ መጻጉዕ፣ የዐቢይ ጾም አራተኛው እሑድ ነው። ሁዳዴ ከገባ ሦስት ሳምንት! ድቁና የተማረ ጎረቤት ካለዎት በጣቱ ቆጥሮ ይነግርዎታል።

እንግዲህ በሁዳዴ፣ ታቦት ይዞ በዘመተ ሠራዊት መሀል፣ ሠርግና ብርንዶ። «ዘማች ጾም ይፈታለታል» የሚል መከራከሪያ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ይፈታለት። ያ መፈታቱ ራሱ ግን ትዕይንት ነው፤ ማን ፈታ? ማን አልፈታም አለ? አጠገቡ ሽሮ የሚበላው ጓደኛው በምን ዓይን አየው? ደራሲው ይህን ሁሉ ድራማ በነጻ ሊያገኙት ሲችሉ አያውቁትም፤ ጾም መሆኑን አያውቁማ! ሠርጉን ደግሞ የትኛው ቄስ ነው በሁዳዴ ሥርዓተ ተክሊል የሚያደርስላቸው? ባሕታዊ ቢሆን እንኳ ይሸሻል።

እዚሁ ሌሊት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ መጽሐፉ ራሱን «ታሪካዊ» ብቻ ሳይሆን «ልብ አንጠልጣይ» ብሎም ሽፋኑ ላይ ጽፏልና። ሙሽራው ከሠርጉ ተነሥቶ «በድቅድቅ ጨለማ» ወደ ጣልያን ሰፈር ይሰርጋል። ጨረቃዋ የሞላችው የካቲት 21 ነው። የካቲት 22 ከሞላች ማግስት ሌሊቷ ነው፤ ፀሐይ ከጠለቀች ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ትወጣለች፣ እስኪነጋም ሰማዩን አትለቅም። ደመና ከሌለ ያ ሌሊት ገብስ የሚያስለቅም ነበር። ነጭ ኩታ ለብሶ በጨረቃ ብርሃን ገላጣ ሜዳ የሚያቋርጥ ሰው፣ እዚያ ነበር ልብ የሚንጠለጠለው። ድቅድቁ ጨለማ ግን ሁሉንም ዋጠው፤ ለሰላዩም ለደራሲውም መሸሸጊያ ሆነ። ቀጥሎ ጀግናው በውጅግራ ስድስት ጥይት «ሳያቋርጥ» ያርከፈክፋል። ውጅግራ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርስ ጠመንጃ ናት፤ ተኩሶ፣ ቀለሁን አውጥቶ፣ እንደገና ማጉረስ ግድ ነው። ባሩዷም ጥቁር ባሩድ ስለሆነ አንዴ ሲተኮስ የጭስ ደመና ይነሣና ተኳሹ የት እንዳለ ለጠላት ይጠቁማል። በአንድ ጥይትና በሁለተኛው መካከል፣ ጭሱ ገና ሳይበተን፣ ተኳሹ ቦታ መቀየር አለበት። አንባቢ ትንፋሹን የሚይዘው እዚያች ክፍተት ውስጥ ነው፤ ስድስቱን ጥይት ያለማቋረጥ ማርከፍከፍ ክፍተቷን ደፈናት።

የገንዘቡስ ነገር! ሙሽሪት ሌሊቱን ስትኮበልል የአባቷን 2,000 ጠገራ ብር «በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ» ግንብ ትዘላለች። አንድ ማርያ ትሬዛ 28 ግራም ይመዝናል። ሁለት ሺው 56 ኪሎ ነው። ልጅቱ ምናልባት ከዚያ አትከብድም። ነጠላውን የሸመነው ሰው አድራሻው ቢገኝ ደስ ይለኛል።

ዝርዝር መልቀም አይደለም የያዝኩት። እያንዳንዱ ስሕተት የሴራ ስሕተት ነው፣ ክርክሬ ይኸው ነው። ታሪክ ቀመሱም፣ የፍቅሩም፣ ልብ አንጠልጣዩም በአንድ ነገር ይሠራሉ፣ በጊዜ። ፍቅር ለምን ዘገየ? ገዳዩ መቼ ይደርሳል? ጦሩ የት ዋለ? ጊዜውን የማያውቅ ደራሲ ስሜቱን ከየት ያመጣዋል? ከቅጽል ነው የሚያመጣው፤ «ልብ የሚሰነጥቅ»፣ «እሳት የሆነ»፣ «ቃላት የማይገልጹት»። ቃላት የማይገልጹት ከሆነ መጽሐፉን ለምን ጻፉት?

የዘመን ልወጣውም እንዲሁ ነው። አብዛኞቹ ከፈረንጅ ምንጭ ቀን ሲወስዱ በጅምላ ስምንት ይቀንሳሉ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ የሚቀነሰው ግን ሰባት ነው፤ ወደ ስምንት የሚዞረው የፈረንጆቹ ዓመት ከተለወጠ በኋላ ነው። ጣልያን ድንበር የተሻገረው በእነሱ ጥቅምት 3 ቀን 1935፣ በእኛ መስከረም 22 ቀን 1928 ነው። ስምንት ቀናሹ ደራሲ 1927 ይጽፋል፤ ጀግናው አንድ ዓመት ሙሉ ጠላት ሳይመጣ ዱር ለዱር ይንከራተታል። አዳማ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895፣ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ሆኖ ሳለ፣ በ1900 ፍቅረኛዋን ከአዳማ ጣቢያ በእንባ የምትሸኝ ልጅ አንብበናል። ባዶ ሜዳ ላይ ቆማ ለማን እንደምታለቅስ እግዜር ይወቀው።

የዛሬ ዘመን ልብ አንጠልጣዮቹ ይብሳሉ፤ በእነሱ ላይ ግን ብዙ አልደክምም። ግማሾቹ ሴራቸውን ከየት እንዳመጡት ሰዓታቸው ያሳብቅባቸዋል። ፖሊሱ «ከሌሊቱ 3 ሰዓት» ላይ እንቅልፍ አጥቶ፣ ከተማው ጭር ብሎ፣ ውሻ ብቻ ይጮኻል። በእኛ አቆጣጠር 3 ሰዓት ምሽት ነው፤ በዚያ ሰዓት ሀዋሳ ውስጥ ባጃጅ ገና እየተሯሯጠ፣ ጥብስ ቤቶች ገና እየሞቁ ነው። ደራሲው ሊል የፈለገው 9 ሰዓት ነው፤ የፈረንጁን ሰዓት እንዳለ ገልብጦታል። በ2009 የሚካሄድ ሌላ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ጉቦው በባለ 200 ብር ኖት ይቆጠራል፤ ኖቱ የወጣው በ2013 ነው። የያኔው ሚሊዮን በባለ መቶ ኖት ብቻ 10,000 ቅጠል፣ መቶ እስር ነው፤ «ኪሱ ከቶት» አይሄድም።

እኔን የሚያናድደኝ የሚተዉት ሀብት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 59 ደግሞ ፖሊስ በአንድ ጊዜ ቀጠሮ ከ14 ቀን በላይ እንዳያገኝ ይገድባል። የዚህ አገር ልብ አንጠልጣይ ሰዓት ይኸው! መርማሪው 14 ቀን አለው፣ ምስክሩ ገጠር ሄዷል፣ ዳኛው ሁለተኛ ጊዜ ቀጠሮ ላይ ፊቱን አጥቁሯል። ጊዜ ቀጠሮ የሚለውን ቃል ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አለ? የእኛ መርማሪዎች ግን ባርኔጣ አድርገው፣ ብቻቸውን ውስኪ እየጠጡ፣ ተጠርጣሪውን ለሦስት ምዕራፍ ያለ ፍርድ ቤት ያቆዩታል።

ስለ ፍቅር መጽሐፍ ደግሞ ማንም እንዳይሳሳት፣ እኔ ዘውጉን ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። በ1900 ሮም ላይ የታተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ «ጦቢያ»፣ ጦርነትም፣ ፍቅርም፣ የወንድ ልብስ ለብሳ የምትጓዝ ልጃገረድም አለው። የፍቅር፣ የልብ አንጠልጣይና የታሪክ ልብ ወለድ እኛ ጋ የተወለዱት በአንድ ቀን፣ በአንድ ሽፋን ውስጥ ነው። «ተራ ንባብ» የሚላቸው ሰው አባቱን እየሰደበ ነው። የፍቅር ታሪክ ጥንካሬው በመሰናክሉ ነው፣ የሰሞኑ ደራሲያን ደግሞ መሰናክል መቻል አቅቷቸዋል። ገጽ 40 ላይ የሰባት ቤት ዘመድ ሆነው ይገኛሉ፤ ገጽ 200 ላይ እናትየው በሞት አልጋ ላይ ሆና «ልጄ አይደለህም» ትላለች፤ ሁሉም ነገር ይፈታል። የዘር ቆጠራው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ፣ አያት ተጠርተው በጣት የሚቆጠር ነገር ነው፤ ለምን ያኔውኑ ማንም አልቆጠረም? እዚህም ቆጠራ ነው የጠፋው።

አርታዒ የሚባል ሰው ቢኖር ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ያልቃል። ወረቀቱ አራት መስመር ይሰመርበታል፤ ቀን፣ ዕለት፣ ጾም ወይም በዓል፣ ጨረቃ። እያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ ረድፍ ያገኛል። ሠላሳ ምዕራፍ ቢሆን ሠላሳ ረድፍ፣ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ። የዘንድሮን መጽሐፍ ዋጋ የከፈለ ሰው ይህችን ረድፍ የመጠየቅ መብት አለው፤ ክፍለ ሀገርም ይኑር መሀል ከተማ።

ለሁለተኛው እትም ይጠቅማቸው እንደሆነ ልጅቱ የቆጠረችውን ቆጠራ ወደ ኋላ ልቁጠርላቸው። ነነዌ ጥር 19 ሰኞ ከገባ፣ ጥር 18 እሑድ ነው። የመቀሌው ምሽግ የተለቀቀበት ሰሞን ነው፣ ሠራዊቱ ፊቱ ፈክቷል፣ ሰንጋ ይታረዳል፣ ቄሱም አይሸሽም፤ በማግስቱ ጾም ስለሚገባ ድግሱ ያን ሌሊት ማለቅ አለበት። ሙሽራው ከዚያ እሑድ እስከ መጻጉዕ እሑድ ያለው 35 ቀን ነው። እሱ ይህን አያውቅም። አንባቢው ግን የካቲት 23ን ያውቃል፣ ከመጀመሪያዋ ሌሊት ጀምሮም ይቆጥርለታል።