ብላክ ሳባዝ ያለ ቢል ዋርድ በግማሽ ነው የተመለሰው

የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ2013 «13» የተሰኘውን አልበም ሲያወጣ፣ ብዙ አድማጭ ባንዱ ወደ ጥንቱ ከባድ ድምፁ ተመለሰ ብሎ በደስታ ተቀበለው። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን ከጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚና ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ጊዘር በትለር ጋር የስቱዲዮ አልበም ካወጣ 35 ዓመት ሆኖት ስለነበር ደስታው ተገቢ ነበር፤ አልበሙም በብሪታኒያና በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። እኔ ግን መመለሱን የምቀበለው በጊታሩ በኩል ብቻ ነው።

አዮሚ በ17 ዓመቱ በበርሚንግሃም በሚገኝ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆርጦበታል። ግራኝ በመሆኑ ክር የሚጫነው በዚያው በተጎዳው ቀኝ እጁ ስለነበር፣ ከቀለጠ ፕላስቲክ የጣት ቆብ ሠራ፣ ቀጫጭን ክሮችን መረጠ፣ ቆይቶም የጊታሩን ቅኝት ዝቅ አደረገ። ሄቪ ሜታል የተባለው ከባድ የሮክ ሙዚቃ የሚታወቅበት ወፍራም ድምፅ ከዚህ ጉዳት ጋር የተሳሰረ ነው። «13»ን ሲያዘጋጅ ደግሞ የሊምፎማ ካንሰር ሕክምና ላይ ነበር፤ ጊታሩ ግን አንዳች ድካም አይሰማበትም።

የጎደለው ድራሙ ነው። የባንዱ የመጀመሪያ ድራመር ቢል ዋርድ ጃዝ እየሰማ ያደገ ተጫዋች ስለሆነ ምቱን በሰዓት ልክ አይቆጥርም፤ ጊታሩን እየተከተለ፣ አንዳንዴም ሆን ብሎ ወደኋላ እየቀረ ሙዚቃውን ያወዛውዘዋል፤ ለእኔ የባንዱ ክብደት ያለው በዚህ መዘግየት ውስጥ ነው። በእርሱ ቦታ የገባው ብራድ ዊልክ ጎበዝ ድራመር ቢሆንም ምቱ ቀጥ ያለና የተመጠነ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሪክ ሩቢን የ1970ውን የመጀመሪያ አልበም አሰምቷቸው ወደዚያ መንፈስ እንዲመለሱ መጠየቁ ትክክል ነበር፤ ነገር ግን ያ አልበም አራት ሰዎች አብረው እየተጫወቱ በአንድ ቀን ገደማ የቀረጹት ስለሆነ፣ አንዱን አስቀርቶ መንፈሱን መጥራት አይቻልም።

ዋርድ በ2012 ሊፈርመው የሚችለው ውል እንዳልቀረበለት በይፋ ተናገረ፤ ኦዚ በበኩሉ የዋርድን የአካል ብቃት በምክንያትነት አነሣ። ምክንያቱ የቱም ቢሆን፣ ዋርድ በ77 ዓመቱ፣ ሐምሌ 5 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) በበርሚንግሃሙ ቪላ ፓርክ ከሦስቱ ጋር አራት ዘፈኖችን ተጫውቷል፤ ኦዚም በዚያው ወር አረፈ። ከዚያ 13 ዓመት ቀደም ብሎ ቢያንስ የአልበሙን ከፊል እንዲቀርጽ የሚያስችለው ውል ሊፈለግለት ይገባ ነበር።