ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ስም

በ2025ቱ የቨርጂኒያ ምርጫ ሰሞን፣ እዚሁ አሌክሳንድሪያ አንድ ፎቅ ላይ የሚኖሩ ጎረቤቴ «ልጄ፣ ድምፅ ልሰጥ ስሄድ አብረኸኝ ናና ወረቀቱን አንብብልኝ» አሉኝ። የዜግነት ፈተናውን በዕድሜያቸው ምክንያት በአማርኛ የተፈተኑ እናት ናቸው። የፌዴራሉ ሕግ ማንበብ ለሚቸገር መራጭ የፈለገውን ሰው ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል፤ አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ሰው እስካልሆነ ድረስ። ቅጹን ሞልተን ገባን።

የአገረ ገዢውን ቦታ ሳያመነቱ አጠቆሩ። የምክትሉንና የዋና ዐቃቤ ሕጉን ስሞች ሁለት ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና መረጡ። ወደ ታች ወርደው የመጨረሻው ላይ ሲደርሱ ግን እስክሪብቶው ቆመ። «ይሄኛውስ ማነው?» አሉኝ ቀስ ብለው። የወረዳችን ተወካይ እንደሆነ፣ ሪችመንድ ያለው የስቴቱ ምክር ቤት ውስጥ እንደሚቀመጥ ነገርኳቸው። «ታዲያ እሱ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ለእርዳታ የገባ ሰው እዚያ ቆሞ ማስረዳትም ሆነ መምከር አይገባውምና ዝም አልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ የነገርኳቸውን እዚህም ልጻፈው፤ ጥያቄው የእሳቸው ብቻ አይደለምና።

የጀመርኩት ከኒውፖርት ኒውስ ነው። በደቡብ ምሥራቅ ቨርጂኒያ ያለች፣ በመርከብ መሥሪያዋ የምትታወቅ ከተማ ናት። በኖቬምበር 2017 በዚያ ያለው 94ኛው የምርጫ ወረዳ ለስቴቱ የተወካዮች ምክር ቤት በዋናነት ሁለት ሰዎችን አወዳደረ፤ በመንበሩ ላይ የነበረውን ሪፐብሊካን ዴቪድ ያንሲንና ዴሞክራቷን ሼሊ ሳይመንድስን። በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምፅ መራ። በዲሴምበር 19 ድጋሚ ቆጠራ ተደረገና ሳይመንድስ በ1 ድምፅ አሸነፈች ተባለ፤ 11,608 ለ11,607። በማግሥቱ ግን ሦስት ዳኞች አንዲት ወረቀት ቀረበችላቸው። መራጩ የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ አጥቁሯል፤ በሳይመንድስ ክብ ላይ ግን አንድ ሰረዝ አሳልፎበታል። በሌሎቹ ቦታዎች የመረጠው ሪፐብሊካኖችን ነበር። ዳኞቹ ወረቀቷን አገላብጠው አይተው ድምፁ የያንሲ ነው አሉ። 11,608 ለ11,608 ሆነ።

የቨርጂኒያ ሕግ ድምፅ እኩል ሲሆን በዕጣ ይለይ ይላል። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ሪችመንድ ውስጥ፣ የሁለቱ ስም በየብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ድሮ የፎቶ ፊልም ይቀመጥባቸው በነበሩ ትናንሽ ዕቃዎች ውስጥ ገባ፤ ከሙዚየም በመጣ ሰማያዊና ነጭ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥም ተቀመጡ። የምርጫ ቦርዱ ሰብሳቢ እጁን ከቶ አንዱን አወጣ። ያንሲ ሆነ። ዕቁብ የገባ ሰው ሁሉ ያችን ቅጽበት ያውቃታል፤ ልዩነቱ ዕቁብ በየተራ ለሁሉም መድረሱ ነው፤ እዚህ ግን አንዱ ይዞ ይሄዳል።

ጎረቤቴ «በዕጣ?» ብለው ቆሙ። ሰው ሁሉ እዚህች ጋር ይቆማል። እኔን ግን ከዕጣው ይልቅ የሚከነክነኝ ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ያኔ አንድ ወረዳ ወደ 80,000 ሕዝብ ነበረው፤ ድምፁን የሰጠው ወደ 24,000 ነው። ከቀሩት አንድ ሰው፣ ከፈረቃው ወጥቶ «ዛሬስ ደክሞኛል» ብሎ የተኛ አንድ ሰው ቢሄድ ኖሮ ሳህኑ ባላስፈለገ። እኔ ራሴ በ2017 ዜጋ ነበርኩ፤ ሁለት ሥራ እሠራ ነበር፤ አልመረጥኩም። ወረዳዬ 94ኛው ባይሆንም እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያች ወረዳ ውጤት ደግሞ የአንድ መቀመጫ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ምክር ቤቱ 100 መቀመጫ አለው። ከምርጫው በፊት ሪፐብሊካኖች 66 ለ34 ይመሩ ነበር፤ በአንድ ምሽት ዴሞክራቶች 15 ወንበር ወሰዱ። ሳይመንድስ ብታሸንፍ 50 ለ50 ይሆን ነበር፤ አፈ ጉባኤውንም የኮሚቴ ሰብሳቢዎቹንም ሁለቱ ወገኖች ተደራድረው ማካፈል ይገባቸው ነበር። በዕጣው 51 ለ49 ሆነ፤ ሥልጣኑም ባለበት ቀረ። በስቴት ደረጃ ድምር ድምፁ ሲታይ ግን ዴሞክራቶች በ9 በመቶ ያህል ይበልጡ ነበር። ያለ ተቀናቃኝ የታለፉ ወረዳዎች ድምሩን ያዛቡታል፣ እውነት ነው። ያም ሆኖ የወረዳ ድንበር የት ላይ እንደሚሰመር ምን ያህል እንደሚወስን ማየት ለፈለገ ሰው የ2017 ሰንጠረዥ ይበቃዋል። በኋላ የፌዴራል ፍርድ ቤት 11 ወረዳዎች ጥቁር መራጮችን በአንድ ቦታ በሚያጭቅ መንገድ ተሰምረዋል ብሎ ካርታው እንዲሻሻል አደረገ፤ 94ኛውም ከተነኩት አንዱ ነበር። በ2019 ሳይመንድስ ያንሲን በሰፊ ልዩነት አሸነፈችው።

በዚያው በ2017 ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ፣ በ28ኛው ወረዳ የሆነው ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ሪፐብሊካኑ ቦብ ቶማስ ጆሹዋ ኮልን በ73 ድምፅ አሸነፈ። ችግሩ፣ ቢያንስ 147 መራጮች በመዝገብ ስህተት የሌላ ወረዳ ወረቀት ተሰጥቷቸው ነበር። ጣቢያው ድረስ ሄደዋል፤ ተሰልፈዋል፤ የመረጡት ግን የራሳቸውን ተወካይ አልነበረም። ፍርድ ቤቱም ምርጫው እንዲደገም አላዘዘም። ስህተቱ የመራጮቹ አልነበረም። እኛ ግን ኪራይ በተወደደ ቁጥር ከአሌክሳንድሪያ ወደ ስፕሪንግፊልድ፣ ከስፕሪንግፊልድ ወደ ውድብሪጅ የምንንቀሳቀስ ሰዎች ነን። መንጃ ፈቃዳችን ላይ ያለውን አድራሻ ቀይረን የመራጭ ምዝገባውን እንረሳለን። የቤት ቁጥር በተለወጠ ቁጥር ወረዳውም ሊለወጥ ይችላል።

«ለኛ ምን ያደርግልናል?» ወዳሉት ልመለስ። በ2018 ያው በዕጣ የተለየው ምክር ቤት፣ ከሪፐብሊካኖቹም የተወሰኑት ተጨምረው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት የሕክምና መድን፣ ሜዲኬይድ፣ እንዲሰፋ ድምፅ ሰጠ። ወደ 400,000 ሰው ይጠቀማል ተብሎ ነበር የታሰበው፤ በጃንዋሪ 2019 ተጀመረ። ለዓመታት እምቢ ሲሉ የኖሩት ሰዎች ልባቸው የለሰለሰው በዚያ ምሽት ፓርቲያቸው 15 ወንበር ሲያጣ አይተው ነው ባይ ነኝ። በ2019 ምክር ቤቱና ሴኔቱ ሁለቱም ወደ ዴሞክራቶች ዞሩ። በ2020 ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከ7 ዶላር ከ25 ሳንቲም እንዲነሳ ሕግ ወጣ፤ በ2021 9 ዶላር ከ50 ሳንቲም፣ በ2022 11፣ በ2023 12 ዶላር ሆነ። ፓርኪንግ የሚሠራ፣ አረጋውያን የሚጠብቅ ወገን ልዩነቱን በደመወዙ ላይ አይቶታል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሜዲኬይድ ለማግኘት ከ5 ዓመቱ ጥበቃ ሌላ የ10 ዓመት የሥራ ታሪክ አሳይ ይባል የነበረውም በ2021 ቀረ። ይህን ያደረገው ዋይት ሃውስ አይደለም። ስማቸውን የማናውቃቸው፣ ከወረቀቱ ግርጌ ያሉት ሰዎች ናቸው።

በ2021 ብዙዎቻችን በአገራችን ጦርነት ልባችን ደምቶ ነበር። የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ የያዘው አቋም ያስቆጣቸው ወገኖች በሰሜን ቨርጂኒያ ለሪፐብሊካኑ የአገረ ገዢነት ተወዳዳሪ ለግሌን ያንግኪን ቅስቀሳ አደረጉ፤ ሰልፍ ወጡ፤ ድምፃቸውን ሰጡ። በምርጫቸው ላይ አልከራከርም፤ መብታቸው ነው። እንዲህ ተደራጅተን መውጣት እንደምንችል ያኔ አይቻለሁ። ነገር ግን ያን ጊዜ ስለ አገረ ገዢው ሌሊቱን ሙሉ ስንከራከር፣ በዚያው ወረቀት ላይ ስለ ወረዳችን ተወካይ አንዲት ቃል ሲነሳ አልሰማሁም። በዚያ ምርጫ ምክር ቤቱ ተመልሶ ወደ ሪፐብሊካኖች ዞረ፤ 52 ለ48። አብላጫው የጸናውም ሁለት ወረዳዎች ላይ ድጋሚ ቆጠራ ከተደረገ በኋላ ነው።

ስለ ቋንቋውም ማለት ያለብኝ አለ። የድምፅ መስጫ ወረቀት በመራጩ ቋንቋ ይዘጋጅ የሚለው የፌዴራሉ ድንጋጌ በ1975 ሲጨመር የጠራቸው የስፓኒሽ ተናጋሪዎችን፣ የእስያ፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካ ተወላጆችን ነው። የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም፤ ቁጥራችን የፈለገውን ያህል ቢሆን በዚያ በር አንገባም። ድልድዩን ተሻግሮ ዋሽንግተን ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አማርኛን ታስተናግዳለች። ይህ ልዩነት የመጣው በነዋሪዎች ጉትጎታና በአካባቢ ምክር ቤት ድምፅ ነው። የፌዴራሉ ሕግ አያስገድድም እንጂ አሌክሳንድሪያንም ሆነ ፌርፋክስን የናሙና ወረቀቱን በአማርኛ ከማተም የሚከለክላቸው የለም። ጠያቂ ከሆንን የምንጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም የኮሚዩኒቲ ማኅበሩም አንድ ላይ ቢጠይቁ ደግሞ መልካም ነው።

ጎረቤቴ ያን ቀን የተወካዩን ስምና የቢሮውን ስልክ በአማርኛ ጻፍልኝ አሉኝ፤ ጻፍኩላቸው። አሁን ፍሪጃቸው ላይ ከመድኃኒት ሰዓታቸው ጎን ተለጥፏል። የሚቀጥለው የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ በኖቬምበር 2027 ነው፤ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ደግሞ ከዚያ 45 ቀን ቀድሞ። «ያኔ ወረቀቱ ከመድረሱ በፊት ስለ ሰዎቹ ትነግረኛለህ» ብለውኛል።