ወረዳ ተባለ እንጂ መቼ ወረደ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምወቅሰው ሹሙን ሳይሆን እናንተን ነው፤ እኔም ከነውሬ አብሬያችሁ አለሁበት።

አምና የሰፈራችን ቦኖ ሲበላሽ ምን አደረግን? ሽማግሌ መርጠን፣ መሳፈሪያ አዋጥተን ዞን ላክን። ዞን «ክልል ሂዱ» አላቸው፤ ሄዱ። ክልል ደብዳቤ ጽፎ ወደ ወረዳ መለሳቸው። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ከቦኖው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው! ሴቶቻችን ወር ሙሉ ከወንዝ ሲቀዱ እኛ «ከላይ ይታዘዝልን» እንል ነበር። ሽማግሌዎቹን መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁት እኔው ነኝ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ከ1994 ዓ.ም ወዲህም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በደቡብና በትግራይ ጥቅል በጀት፣ ማለትም ወረዳው ራሱ የሚደለድለው ገንዘብ፣ ለወረዳ ይወርድ ጀመር። አብዛኛው በደመወዝ እንደሚያልቅ አላጣሁትም። ሹሙም የሚፈራው ገምግሞ የሚያነሳውን የበላዩን ነው።

እኛን ለምን ይፍራ? የወረዳና የቀበሌ ምርጫ በአገር ደረጃ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም ነው፤ የሥራ ዘመኑ ደግሞ አምስት ዓመት። በ2012 የፓርላማው ምርጫ ሲራዘም ቡና ቤቱ ሁሉ ሲጨቃጨቅ ከረመ። የ2010ሩ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ ሲራዘም ግን ከመካከላችን ማን ትንፍሽ አለ?

እድር ላይ ሌላ ሰው ነን። አንድ ድስት ጎደለ ብለን ንብረት ያዡን ሁለት እሑድ አቁመን አፋጠናል፤ ምስኪኑ ከኪሱ ገዝቶ ተካ።

ሰሞኑን ለጉዳይ ወረዳ ሄጄ የማስታወቂያ ሰሌዳው ዘንድ ቆምኩ። የበጀቱ ሠንጠረዥ ተለጥፏል፤ ለጤና ይህን ያህል፣ ለትምህርት ይህን ያህል። የውሃው ረድፍ ላይ ስደርስ «የጠፋች በቅሎ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ቀኑን አየሁት፤ አራት ወር አልፎታል። ከሥሩ ምን እንዳለ ለማየት በአራት ወር ውስጥ ጫፉን የነካው ሰው የለም።

በቅሎዋማ ያኔውኑ ተገኝታለች አሉ። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሳይገባ ሄዳችሁ ወረቀቷን ላጡና የውሃውን አንብቡ።