አልመጣም፤ ግን ስንት ሆኜ?

የአክስቴ ልጅ ደሴ ላይ ለሚደግሰው ሠርግ የጥሪ ካርድ በማሳተም ፈንታ በጉግል ፎርምስ ያዘጋጀውን ቅጽ በቴሌግራም ላከልኝ። እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ በሠርጉ ዕለት ተረኛ ስለሆንኩ «ይመጣሉ?» ለሚለው ጥያቄ ከልቤ እያዘንኩ «አልመጣም» የሚለውን መረጥኩ። ቅጹ ሐዘኔን ከቁብ ሳይቆጥር «ስንት ሰው ይዘው ይመጣሉ?» አለኝ። ባዶውን እንዳላልፈው ቀይ ኮከብ ተለጥፎበታል፤ ዜሮ ብጽፍ «ቢያንስ 1» ብሎ መለሰብኝ። 1 ብዬ ላክሁ። እንግዲህ በሙሽራው መዝገብ እኔ ቀርቼ፣ ከእኔ ጋር የሚመጣ አንድ ሰው አለ ማለት ነው።

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ፤ በልጅነቴ ሲተረት የኖረው በእኔው ላይ ቢሆንም። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው የለም። መፍትሔውም ቀላል ነበር፦ ቅጹን በክፍል በክፍል ከፍሎ፣ ከጥያቄው ግርጌ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክቶ፣ «አልመጣም» ያለውን በቀጥታ ወደ መጨረሻው መስደድ። ወሎ ላይ ደግሞ ይህን መርሳት ይቅር አይባልም። ከአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም በሚወጣበት አገር ለሠርግ የሚታረደው ለሁለት ወገን ነው፤ ስለዚህ «ሥጋ ይበላሉ?» ተብሎ «አዎ» ያለው ብቻ «የየትኛውን?» መባል አለበት። ልጁ ግን ሽሮውንም፣ ሁለቱንም ሥጋ፣ ጾሙንም ብዙ ምልክት በሚደረግባቸው ሳጥኖች ደርድሮታል፤ ከእነዚያ ሳጥኖች ደግሞ ሰውን እንደ መልሱ ወደተለያየ ክፍል መስደድ አይቻልም፤ የሚቻለው አንድ መልስ ብቻ ከሚመረጥባቸው ጥያቄዎች ነው።

እናቱ ያለ ስልክ ይህን ያውቁበታል። ድሮ ለጥሪ የደሴን ዳገትና ቁልቁለት ከአራዳ እስከ ሰኞ ገበያ በእግራቸው ሲዞሩ አብሬያቸው ነበርኩ። አንድ ቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ የለበሰች ሴት በር ከፈተችልን፤ አክስቴ የሠርጉን ወሬ ከነምራቃቸው ውጠው «ምነው፣ ማን ሞተባችሁ?» አሉና ተቀምጠው አለቀሱ። ሠርግ መኖሩን ሳይናገሩ ወጣን።

በቅጽ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። ከዓመታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት «ያላገባ» ብዬ ሞልቼ ሳለ፣ በመስኮቱ ያለችው ሠራተኛ «የባለቤት ስም» የሚለው ባዶ መሆን አይችልም ብላ መለሰችኝ። «የለም» ብዬ ጻፍኩበት። በወሩ ስመለስ «ወይዘሮ የለም ቀርበው ካልፈረሙ አይሆንም» ተባልኩ። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኔ ግን በዚያች በሌለች ሴት ፊርማ ሰበብ ሦስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ያንን ቅጽ ያዘጋጀው ሰው መልሴን ሊያነበው ካልፈለገ ለምን ይጠይቀኛል?

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ትናንት ማታ አክስቴ ደወሉ። «አልመጣም» ማለቴን እንዳላዩ አልፈውታል።

«አብሽር ልጄ፣ ሥራው ይደርሳል፤ የሐረጎን ዳገት መውጣት ምን አላት? ይልቅ ያቺ አንዷ ማን ናት? ስሟን ንገረኝ እንጂ!»

ስሟ ምላሴ ላይ ነበር፤ ዝም አልኩ።